ጉርድ ፎቶና የኪስ ካሜራ

በዲጂታል ካሜራ ተነሣ የሚባለው የመጀመሪያው ፎቶግራፍ የሰው ፊት ነበር፤ ፊቱ ግን አልወጣም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1975 በአሜሪካ፣ ሮቸስተር ከተማ፣ በኮዳክ ኩባንያ ቤተ ሙከራ ውስጥ ስቲቨን ሳሰን የተባለ ወጣት መሐንዲስ የዳቦ መጥበሻ የሚያህል፣ ክብደቱ ከሦስት ኪሎ ተኩል የሚያልፍ ሣጥን ገጣጥሞ ጨረሰ። ከሲኒማ ካሜራ የተወሰደ ሌንስ፣ ብዙ ባትሪዎችና አንድ የካሴት መቅጃ ተጋብተው የወለዱት ሣጥን ነበር። መሞከሪያ የሚሆን ሰው ሲፈልግ በአቅራቢያው የምትሠራ አንዲት ወጣት የቤተ ሙከራ ባለሙያ አገኘና አነሣት። ምስሏ በካሴቱ ላይ እስኪቀረጽ 23 ሰከንድ ፈጀ። ካሴቱ ተወስዶ በቴሌቪዥን መስኮት ሲታይ ጥቁር ጠጉሯና ከበስተኋላዋ ያለው ነጭ ነገር ይለያሉ፤ በሁለቱ መካከል፣ ፊቷ ሊኖርበት በሚገባው ስፍራ ላይ፣ የሚታየው ግን ዝብርቅርቁ የወጣ ነጠብጣብ ብቻ ነው። ወጣቷ አየችና ገና ሥራ ይቀረዋል ብላ ሄደች። ፊቷ ከነጠብጣቡ ውስጥ የወጣው ጥቂት ሽቦዎች ቦታ ከተለዋወጡ በኋላ ነው።

ይህን ታሪክ ባነሣሁት ቁጥር የሚደንቀኝ የመሐንዲሱ ብልኀት አይደለም። ከሠላሳ ዓመት በኋላ በየኪሳችን የገባችው ትንሿ ዲጂታል ካሜራ በሰው ምስል ላይ ያመጣችው ለውጥ ሁሉ በዚያች ዕለት በጽንስ መታየቱ ነው። ተነሺዋ ምስሏን እዚያው ቆማ አይታ ፍርድ ሰጠች፤ ከፊቷ ቀድሞ የታየው ደግሞ ከበስተኋላዋ ያለው ነው። በዚህ ጽሑፍ የምለው ከእነዚህ ከሁለቱ ብዙም አይርቅም።

ካሜራ ሲወለድም ትንሽ ነበር። እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት እ.ኤ.አ. በ1835 በላኮክ ቤቱ ዙሪያ ይደረድራቸው የነበሩት የእንጨት ሣጥኖች ከማነሳቸው የተነሣ ሚስቱ የአይጥ ወጥመድ ትላቸው ነበር። ወጥመዶቹ ግን መስኮትና ጣሪያ እንጂ ሰው መያዝ አልቻሉም፤ ብርሃኑ እስኪታተም የሚፈጀውን ያህል ጊዜ የሚተነፍስ ፍጡር ጸጥ ብሎ ሊቆም አይችልምና። የዳጌር ዘዴ በ1839 በፓሪስ ከተነገረ በኋላ የሰው ምስል ማንሻ ቤቶች ሲስፋፉ ካሜራው ገዝፎ በሦስት እግር ቆመ፤ ተነሺውም ከማጅራቱ በስተኋላ በተደበቀ የብረት መደገፊያ ተይዞ እንዳይነቃነቅ ተደረገ። የአያቶቻችን ፎቶ ሁሉ የተቆጣ የሚመስለን፣ ከሥነ ሥርዓቱ ክብር ሌላ፣ ይህ ትዕግሥት የወለደው ድርቀት ስላለበት ይመስለኛል።

ኢትዮጵያዊ ፊት ከዚያ ትልቅ ሣጥን ፊት ከቀረበባቸው ቀደምት አጋጣሚዎች አንዱ እጅግ መራራ ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ አፄ ቴዎድሮስ ከወደቁ በኋላ የሰባት ዓመቱ ልጃቸው ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ላይ ሞቱ። በዚያው ዓመት በዋይት ደሴት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን አነሣችው። ይህች ሴት በ48 ዓመቷ ልጇና አማቿ ካሜራ ቢሰጧት ሥራውን የጀመረችና በዘመኗ ከነበሩት ሁሉ ይልቅ ለፊት የተጠነቀቀች ባለሙያ ናት፤ በትልልቅ የመስታወት ሰሌዳ ትሠራ፣ የምስሏን ዳር ሆን ብላ ታደበዝዝ ነበር። በአንዳንዶቹ ምስሎች ላይ ሕፃኑ የእኛ ሰዎች ባሻ ፈለቀ ይሉት ከነበረው ከካፒቴን ስፒዲ ጋር ነው። ጥበቧን አልነቅፍም። ነገር ግን ዐይኔ ሁልጊዜ የሚሄደው ከሕፃኑ በስተኋላ ወዳለው ነው። እዚያ የእርሱ የሆነ ነገር የለም። ቤቱ መቅደላ ላይ ተቃጥሏል።

በአገራችን ውስጥ ፎቶግራፍ መጀመሪያ የቤተ መንግሥት ነበር። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ ልጆቹም ከእርሱ በኋላ በነበሩት ነገሥታት ዘመን የቤተ መንግሥቱን ገጽታ አንሥተዋል። ከዚያ ወደ ከተሜው ወረደና ፎቶ ቤት የሚባለው ድንቅ ስፍራ መጣ። ከእኔ ዕድሜ የሚበልጥ አንባቢ ያስታውሰዋል። ከበስተኋላ የተሳለ መጋረጃ አለ፤ በአጠገቡ የፕላስቲክ አበባ ያለበት ጠረጴዛ፤ ኮትና ክራባት የሚያውሱም ነበሩ። ፎቶ አንሺው አገጭዎን በሁለት ጣቱ ይዞ በትንሹ ያዞርና «እንዳይነቃነቁ» ይላል። ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ሲኬድ ካርዱ ይሰጣል፤ ከጀርባው ላይ «መታሰቢያነቱ» ብሎ የሚጀምር ቃል ይጻፍበትና ለወዳጅ ይላካል። የአገራችን የፎቶ ጀርባ ጽሑፎች ራሳቸውን የቻሉ የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ አንድ ሰው ሰብስቦ ቢያጠናቸው ደስ ይለኛል።

ፎቶ ቤቱ ለድኻው ከባለጸጋው እኩል የሚያቆመው መጋረጃ ሰጥቶታል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዋጋው ግን ነበረው። ሰው ወደ ፎቶ ቤት ሲሄድ ቤቱን ትቶ ነው የሚሄደው። የአንድ ትውልድ ሰው ሁሉ በአንድ መጋረጃ ፊት ቆመ፤ ጉርድ ፎቶውን አይተን ሸማኔ ይሁን አስተማሪ፣ ጓዳው ምን ይምሰል ምን፣ አናውቅም።

ትንሿ ካሜራ ያንን መጋረጃ ቀስ እያለች ነው ያፈረሰችው። ላይካ እ.ኤ.አ. በ1925 ለገበያ ስትወጣ ካሜራ በአንድ እጅ ተይዛ ወደ ሰው ቤት መግባት ቻለች፤ በርካሽ ፕላስቲክ የተሠሩት የፊልም ካሜራዎችም በኋላ ተከተሏት። ፊልሙ ግን ታጥቦ እስኪመጣ ተነሺው የሚያየው ነገር አልነበረውም። በ1995 የጃፓኑ ካሲዮ ኪውቪ 10 የተባለችውን አወጣ፤ በጀርባዋ ምስሉን ወዲያው የምታሳይ ትንሽ መስኮት ነበረባት፤ ሌንሷም ይዞራልና ሰው ራሱን ሊያነሣባት ይችል ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ፊሊፕ ካን የተባለ በካሊፎርኒያ የሚኖር ባለሙያ የዚህችኑ ዓይነት ካሜራ ከሞባይል ስልኩ ጋር አገናኝቶ ከወሊድ ክፍል የሴት ልጁን ምስል ለሁለት ሺህ ያህል ሰዎች ላከ። ያም ፊት ነበር፤ ያውም ገና ዐይኑን በቅጡ ያልገለጠ።

የኪስ ካሜራን የሚንቁ ሰዎች ዋና ክሳቸው አንድ ነው፤ ከበስተኋላ ያለውን አታደበዝዝም። ክሱ እውነት ነው፤ ምክንያቱም የተፈጥሮ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ በብዛት ይሸጡ የነበሩት የኪስ ካሜራዎች ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰራቸው 5.8 በ4.3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ከትንሿ ጣት ጥፍር አይበልጥም። የተለመደው ፊልም አንድ ምስል የሚይዝበት ስፍራ ግን 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነበር፤ በስፋት 35 እጥፍ ማለት ነው። ሴንሰሩ ሲያንስ ሌንሱም አብሮ ያጥራል፤ ሌንሱ ሲያጥር ደግሞ ቅርቡም ሩቁም በአንድነት ጥርት ብሎ ይታያል። ባለትልቁ ካሜራ ባለሙያ ሌንሱን ከፍቶ ሲያነሣ ዐይን ጥርት ይላል፣ ጆሮ መፍዘዝ ይጀምራል፣ ግድግዳው እንደ ቅቤ ይቀልጣል። በኪሷ ካሜራ ሲነሣ ግን የግድግዳው ቀን መቁጠሪያ፣ ፔርሙዙ፣ በሚስማር ላይ የተሰቀለው ካፖርት፣ ሁሉም ከሽፋሽፍቱ እኩል ይቆጠራሉ።

ልብ ወለድ የሚወድ ሰው ይህን እንደ ጉድለት ሊቆጥረው አይገባም። ባልዛክ «አባ ጎሪዮ»ን ሲጀምር ሰዎቹን ከማምጣቱ በፊት የሚኖሩበትን ማደሪያ ቤት ከነሽታው፣ ከነወንበሩ በገጽ በገጽ ይዘረዝራል፤ የቤቱ ባለቤት ገብታ ስትታይ አስቀድመን እናውቃታለን። መጽሐፉ የወጣው ታልቦት ወጥመዶቹን በሚደረድርበት በዚያው በ1835 መሆኑ የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ደስ የሚል አጋጣሚ ግን ነው። የኪስ ካሜራ ሳትፈልግ የባልዛክ ተማሪ ሆነች። ሰውን ከነዕቃው ከማንሣት በቀር ሌላ አታውቅም።

ሌላው ክስ መናኛ መሣሪያ ናት የሚለው ነው። ለዚህ መልስ የሰጠው ጣልያናዊው አሌክስ ማዮሊ ይመስለኛል። የማግነም ማኅበር አባል የሆነው ይህ ፎቶግራፈር እ.ኤ.አ. በ2003 ከኢራቅ፣ ከኮንጎና ከቻይና ያመጣቸውን ሥራዎች በአብዛኛው ያነሣው በኦሊምፐስ የኪስ ካሜራዎች ነው። ምክንያቱ ድኅነት አልነበረም። ትልቅ ካሜራ ፊትን ይሸፍናል፤ በተነሺውና በአንሺው መካከል ጥቁር ብረት ይቆማል። ትንሿን የያዘ ሰው ግን እንደ አገር ጎብኚ ይታያል፤ ማንም አይደነግጥበትም፤ ካሜራዋን ከደረቱ ላይ አድርጎ በገዛ ዐይኑ የሰውየውን ዐይን እያየ ሊያነሣ ይችላል። ምስል መነሣት ከጥንት ጀምሮ መፈራት እንደነበረበት ለሚያውቅ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እኔ የያዝኳት ካሜራ ባለ 5 ሜጋፒክስል፣ በሁለት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ የምትሠራ ነበረች። በ1999 ዓ.ም.፣ ሚሌኒየሙ ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ጉለሌ የምትኖረውን አክስቴን ቤቷ ሄጄ አነሣኋት። «እቴቴ፣ ፎቶ ላነሣሽ ነው» ብላት «ቆይ ነጠላዬን» ብላ ገባች። ስትመለስ ቀጥ ብላ ቆመች፤ እጆቿን ከጎኗ ለጥፋ፣ አገጯን ትንሽ አዙራ። ያ ፎቶ አንሺ ከዐርባ ዓመት በፊት ያዞረው አገጭ ሳይመለስ ኖሯል ማለት ነው! አንድ አነሣሁና መስኮቷን አሳየኋት። መነጽሯን ፈልጋ አደረገችና ዝም ብላ አየች። «ውይ፣ ቁርጥ እናቴን» አለች። ከዚያ በኋላ የቆመችው ሴት ሌላ ሆነች። ተቀመጠች፤ ከረከቦቱ ላይ ሲኒ ማንሣት ጀመረች፤ እኔን እያየች ስለ እናቷ ታወራኛለች፤ እኔም አነሣለሁ። በመሐል «እስቲ አምጣት» ትለኛለች፤ አንዷን አይታ «ይህቺን አጥፋት፣ ዐይኔን ጨፍኛለሁ» አለች፤ አጠፋሁ። የትኛው ፊቷ እንደሚቀር እርሷ መረጠች።

መቼም አንባቢ ጥቂት የእጅ ሥራ ምሥጢር ቢሰማ አይከፋውም። ከቅርብ ሆኖ ፊትን በኪስ ካሜራ ማንሣት አፍንጫን ያሳብጣል፤ ሁለት ሜትር ያህል ወደ ኋላ ተራምዶ ዙሙን እስከ መጨረሻው መሳብ ነው። ፍላሹን ማጥፋት፤ ፍላሽ ከሌንሱ አጠገብ ስለሚተኮስ ፊትን እንደ ሳህን ያሰጣዋል፣ ዐይንንም ያቀላዋል። የተከፈተ በር ከማንኛውም መብራት ይሻላል፤ ሰውየው ወደ በሩ ይዙር፣ ፀሐይ ግን አትንካው። ከሁሉም የሚከብደው የነጠላው ነገር ነው። ካሜራዋ የምታየውን ሁሉ በአማካይ ግራጫ እንዲሆን አድርጋ ትመትራለች፤ ነጭ ነጠላ ሰፊውን ስፍራ ሲይዝ ብርሃን የበዛ ይመስላትና ትቀንሳለች፤ በዚህ መካከል የጠይሙ ሰው ፊት ይጨልማል። መደመርና መቀነስ የተጻፈበትን ቁልፍ ተጭኖ ብርሃኑን በትንሹ መጨመር ያስፈልጋል። የፊልሙም ዘመን ቢሆን ለእኛ ፊት የተበጀ አልነበረም፤ ኮዳክ ለዐሥርተ ዓመታት ለማተሚያ ቤቶች የቀለም ማስተካከያ እንዲሆን ይልከው የነበረው ካርድ የነጭ ሴት ምስል ያለበት ነበር። ጥቁር ፊት ሁልጊዜ በአንሺው ብልኀት እንጂ በመሣሪያው ቸርነት አልወጣም።

አክስቴ በመጨረሻ የጠየቀችኝ «መቼ ታመጣልኛለህ?» ብላ ነው። መስኮት ላይ የታየ ምስል ለእርሷ ገና ፎቶ አልነበረም። በሳምንቱ 10 በ15 ሴንቲ ሜትር አሳትሜ ወሰድኩላት፤ ከመደርደሪያዋ ላይ አቆመችው። በ2005 ዓ.ም. ስታርፍ ከድንኳኑ ውስጥ ሁለት ፎቶዎች ነበሩ። አንደኛው በ1950ዎቹ በፎቶ ቤት መጋረጃ ፊት የተነሣችው ጉርድ ነው፤ ውብ ነበረች። ለቀስተኛው ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበለው የነበረው ግን ሁለተኛውን ነው። አንዲት የረጅም ዘመን ጎረቤቷ ፎቶውን ይዘው ስሟን አልጠሩም፤ በፎቶው ላይ የሚታየውን ይጠሩ ነበር። ረከቦቷን አነሡ፣ ጫፉ የተሸረፈውን ሲኒ አነሡ፣ ከበሩ አጠገብ ያለውን በርጩማ፣ እርሳቸው ይቀመጡበት የነበረውን፣ አነሡና ድንኳኑ በሙሉ አለቀሰ። ትልቅ ሌንስ ቢሆን ኖሮ በርጩማው ደብዝዞ አይለይም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ወደ መስቀል አደባባዩ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በገባሁ ጊዜ ሁሉ ይህ ነገር ይመጣብኛል። ሙዚየሙ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተ ነው፤ ከግድግዳው ላይ የተደረደሩት የሟቾች ምስሎች በርካቶቹ ጉርድ ፎቶዎች ናቸው። ለትምህርት ቤት፣ ለመታወቂያ፣ ለወዳጅ መታሰቢያ ተብለው የተነሡ የወጣቶች ፊቶች። ከእነርሱ በስተኋላ ግን ያው ባዶ መጋረጃ ነው። ይህ ልጅ ምን ዓይነት አልጋ ላይ ይተኛ ነበር? ከራስጌው ምን መጽሐፍ ነበር? እናቱ ያቺን ትንሽ ካርድ ይዛ ስታለቅስ የቀረውን ከራሷ ትዝታ መሙላት ነበረባት፤ እናቶቹም እያለፉ ነው። ሆኖም እነዚህ ፊቶች ዛሬ የሚታዩን ወረቀት ላይ ስለታተሙ መሆኑን አልረሳም። ፎቶ ቤቱ ቤታቸውን ከምስሉ ቢያስቀርም ፊታቸውን ግን አቆይቶልናል።

የኪስ ካሜራ የተሸነፈችው በዚህ ነው። የጃፓን አምራቾች እ.ኤ.አ. በ2010 ከ120 ሚሊዮን በላይ ዲጂታል ካሜራዎችን ለገበያ አቅርበው ነበር፤ በ2020 ቁጥሩ ከ9 ሚሊዮን በታች ወረደ። በመካከሉ ባሉት ዓመታት የተነሡት ፊቶች የት አሉ? አብዛኞቹ ሳይታተሙ ቀርተው በሜሞሪ ካርድ፣ በተበላሸ ኮምፒውተር፣ የይለፍ ቃሉ በተረሳ ሣጥን ውስጥ ናቸው። በየቤታችን ከአያቶቻችን ዘመን የተረፈ የፎቶ አልበም አለ፤ ከ1998 እስከ 2005 ዓ.ም. ያለው ጊዜ ግን በብዙ ቤት ባዶ ነው። ሰው በዚያ ዘመን ከማንኛውም ዘመን የበለጠ ተነሥቷል፤ የቀረው ግን ከሁሉም ያነሰ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ቦታዋን የወሰደው ስልክ ደግሞ ወዴት እንደሄደ ተመልከቱ። በ2016 መጨረሻ አይፎን 7 ፕላስ በሁለት ሌንሶቹ እያሰላ ከፊት በስተኋላ ያለውን ሁሉ የሚያደበዝዝ ዘዴ ይዞ መጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ትንሽ ሴንሰር ሊያደርገው የማይችለውን በስሌት አደረገው ማለት ነው፤ አንዳንዴም ስሌቱ ሲስት የነጠላውን ዘርፍ ከግድግዳው ጋር አብሮ ይበላዋል። ሰዉ በጣም ወደደው። የተሳለው መጋረጃ ተመልሶ መጣ እላለሁ እኔ፤ ያውም እንደ ፎቶ ቤቱ ጽጌረዳ እንኳ ያልተሳለበት።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን በየአገሩ ወጣቶች አሮጌዎቹን የኪስ ካሜራዎች ከየመሳቢያው እያወጡ፣ ከሰው ሰው እየገዙ ማንሣት ጀምረዋል። የብዙዎቹ ባትሪ ዛሬ በቀላሉ አይገኝም። የእኔዋ በተራ የባትሪ ድንጋይ ስለምትሠራ ዕድለኛ ናት፤ ባለ 256 ሜጋባይት ካርዷ አንድ መቶ ያህል ፎቶ ትይዛለች። አንድ የጎረቤት ልጅ ተውሷት ሄዶ አባቱን ከነሱቁ፣ ከነሚዛኑ፣ ከነስኳር ጆንያው አንሥቶ ሲመልስ ካርዷ ሞልታ ነበር፤ ማተሚያ ቤት አብረን ሄድን።